ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ፦ ጎጃም ተቀምጦ ጌም በመሥራት ስለ መተዳደር

በጎጃም የቅኔ ጉባኤያት፣ በዋሸራም ይሁን በጎንጅ ወይም በዲማ፣ አዲስ የገባ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ወር መወድስ የተባለውን ረጅም ቅኔ እንዲቀኝ አይጠየቅም። በቅድሚያ የሚሞክረው ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው፤ እርሷ ስትሰምርለት ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የሚደፍረው ከብዙ ቆጠራ፣ ማለትም ቅኔን በልብ ከማዘጋጀት፣ እና ከብዙ እርማት በኋላ ነው። ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የኮምፒውተርና የስልክ ጌም እየሠራ በዚያው ሊተዳደር ለሚፈልግ የአገራችን ወጣት ከዚህ የቀረበ የአሠራር ሥርዓት የለም ብዬ አምናለሁ።

እኔ ራሴ የጀመርኩት በመወድስ ነበር። ጣናን ከነደሴቶቹ፣ የዓባይን በረሃ፣ የጮቄን ደጋ፣ በዚያ ላይ ሃያ የሚሆኑ ገጸ ባሕርያትን የያዘ ሰፊ ጌም አቅጄ ባሕር ዳር በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ሠራሁበት። ካርታው እየሰፋ፣ የፋይሉ ብዛት እየጨመረ ሄደ እንጂ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊጫወተው የሚችል ነገር አልወጣውም። ያን ትቼ በአራት ወር ያለቀች አነስተኛ የእንቆቅልሽ ጌም ስሠራ ግን፣ ገቢዋ ጥቂት ቢሆንም፣ ዋጋ ተለጥፎባት በማላውቃቸው ሰዎች እጅ ገባች። ሁለቱን ዓመታት ያጠፋሁት በስንፍና አልነበረም፤ የሥራውን መጠን ከኪሴና ከጊዜዬ ጋር ሳላመዛዝን ስለ ተነሣሁ ነው።

ሂሳቡ በወር ይቆጠር

“አንድ ጌም ስንት ያመጣል?” ብሎ መጠየቅ ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት “ይህ ጌም የሚወስድብኝ እያንዳንዱ ወር ስንት ያመጣልኛል?” የሚለው ነው። ይህን በምሳሌ ላሳይ። አንድ ጌም ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ በ10 ዶላር ተለጥፎ አንድ ሺህ ቅጂ ተሸጠ እንበል። ከዚህ 10,000 ዶላር ይገኛል ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ገዢዎች የሚገዙት ቅናሽ በሚደረግበት ሰሞን ነው፣ በአንዳንድ አገሮች ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ይተመናል፣ በሌሎቹ ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከዋጋው ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ በአማካይ በአንድ ቅጂ 6 ዶላር ተገኘ ብንል ጠቅላላው 6,000 ዶላር ይሆናል። ስቲም ከዚህ ላይ 30 በመቶ ይወስዳል፤ 4,200 ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎች የማይጠብቁት ነው፤ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ድርሻ ላይ 30 በመቶ ግብር እዚያው ተቀንሶ ይቀራል። ከገዢዎቹ ግማሾቹ አሜሪካውያን ቢሆኑ ከ2,100 ዶላር ላይ 630 ይሄዳል። በመጨረሻ ባንክ ከመድረሱ በፊት በእጅ ያለው 3,570 ዶላር ነው፤ የባንክ አገልግሎትና የአገር ቤት ግብር ገና አልተነሣለትም።

ይህ ጌም 18 ወር ፈጅቶ ከሆነ የእያንዳንዱ ወር ድካም ዋጋው 198 ዶላር ገደማ ነው። አሁን ደግሞ በ6 ወር የተጠናቀቀ፣ በ5 ዶላር የተለጠፈ፣ ቅጂውም በተመሳሳይ አንድ ሺህ የተሸጠ ሌላ ጌም እንውሰድ። ገቢው በግማሽ ይቀንስና 1,785 ዶላር ይሆናል፤ ለ6 ሲካፈል ግን በወር ወደ 297 ዶላር ይጠጋል። አነስተኛው ጌም በግማሽ ዋጋ ተሸጦም ከትልቁ ይልቅ ወሩን በተሻለ ይሸፍናል ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ በ18 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የመሸጥ፣ ሦስት ጊዜ የመሳሳትና ሦስት ጊዜ የመታረም ዕድል ይሰጣል። ጉባኤ ቃና ይቅደም የምለው ከትሕትና ብቻ አይደለም፤ በሂሳብም የሚያዋጣው እርሱ ነው።

በብር በኩል፣ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አልፏል። ይህ ለውጥ ገቢው በዶላር ወጪው በብር የሆነን ሰው ይጠቅመዋል፤ ነገር ግን የጤፍም የቤት ኪራይም ዋጋ ዝም ብሎ ስለማይቀመጥ፣ ወርኃዊ ወጪን በየሦስት ወሩ እንደ አዲስ መጻፍ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ከማስበው ሁሉ አስቀድሜ በደብተር እይዘዋለሁ፦ ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ለወላጅ የሚላክ፣ ለዕድርና ለመሳሰለው የሚወጣ። የዓመቱ ድምር ሲታወቅ በእጅ ያለው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያቆይ ይታወቃል፤ የሚጀመረው ጌምም ከዚያ ወር ቁጥር ከግማሽ በላይ የሚወስድ መሆን የለበትም። ቀሪው ግማሽ ለመሸጫ ጊዜና ክፍያ እስኪደርስ ለሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ስቲም በአንድ ወር የተሸጠውን የሚልከው በቀጣዩ ወር መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ የተጠራቀመው 100 ዶላር ካልሞላ ደግሞ ወደሚቀጥለው ወር ያሳልፈዋል።

መደበኛ ሥራን መቼ መልቀቅ

መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም የቢሮ ባለሙያ ሆኖ ማታ ማታ ጌም የሚሠራ ሰው ለመልቀቅ መቸኮል የለበትም። በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ ቢያንስ አንድ የተጠናቀቀ ጌም ዘመድም ወዳጅም ላልሆኑ ሰዎች ተሽጦ መታየት አለበት፤ የአንድ ዓመት የኑሮ ወጪ መቀመጥ አለበት፤ በዓመት ውስጥ ጥቂት ወራት የኮንትራት ሥራ የሚሰጥ ቢያንስ አንድ ደንበኛ መኖር አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ማታ ማታ መሥራቱን መቀጠል ይሻላል።

ብዙ ጊዜ ለማበረታቻ የሚጠቀሰው ኤሪክ ባሮን የተባለው አሜሪካዊ ነው። ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የእርሻ ጌም አራት ዓመት ተኩል ያህል ብቻውን ሠርቶ በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጦለታል። ታሪኩ ሲነገር የሚዘለለው ክፍል ግን በእነዚያ ዓመታት አብራው የምትኖረው ጓደኛው ቤቱን በገቢዋ ትደግፍ እንደነበር፣ እርሱም በአንድ ቴአትር ቤት በትርፍ ሰዓት አስተናጋጅነት ይሠራ እንደነበር ነው። ያለ ሌላ ገቢ አራት ዓመት ተኩል የሚያቆይ ጎተራ በብዙዎቻችን ቤት የለም። ስለዚህ ከእርሱ መማር የሚገባን የጽናቱን ልክ እንጂ የጌሙን ስፋት አይደለም።

ከቤተሰብ ጋር የሚደረገውን ንግግርም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። “ልጄ፣ ጨዋታ ሥራ ይሆናል ወይ?” የምትል እናት ያለባት ሥጋት እውነተኛ ነው፤ በክርክር አይመለስም። እኔ ለእናቴ ያሳየኋት የወጪ ደብተሩንና ለስንት ወር የሚበቃ ገንዘብ እንዳለኝ ነበር፤ ከዚያም የሚያበቃበትን ቀን ነግሬያት እስከዚያ ድረስ ካልሆነ ወደ ማስተማር እንደምመለስ ቃል ገባሁላት። ቀኑ መኖሩ እርሷንም እኔንም አረጋግቶናል።

ለዚህ አገር የሚሆን መሣሪያ

ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ሲመረጥ ዝናው ብቻ አይበቃም፤ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠራ መሆኑ መታየት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ሥራቸው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ብዙ ሰዎች ቆመው ቀርተዋል። እኔ መሥራት የቻልኩት ጎዶት የተባለውን ሶፍትዌር ይዤ ስለነበር ነው። ጎዶት በአርጀንቲናውያን ባለሙያዎች ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የተደረገ፣ ክፍያም የሽያጭ ድርሻም የማይጠይቅ መሣሪያ ነው። መጠኑ ትንሽ በመሆኑ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ መመሪያው በሙሉ አንድ ጊዜ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል፤ ለአሮጌ ኮምፒውተሮች የተዘጋጀ ቀለል ያለ የሥዕል ማሳያ ዘዴም አለው። ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ለባለ ሁለት ገጽታ (2D) ጌም ይበቃል።

ዩኒቲ የሚባለው ሌላው መሣሪያ በኮንትራት ሥራ ገበያ ይበልጥ ስለሚፈለግ ማወቁ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ኩባንያው በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጌሙ በተጫነ ቁጥር የሚታሰብ ክፍያ እንደሚጥል አስታውቆ፣ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ከአንድ ዓመት በኋላ ሰርዞታል፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ያሳየ ክሥተት ነው። ለሥዕል ክሪታና ብሌንደር፣ ለድምፅ ኦዳሲቲ በነጻ ይገኛሉ።

ሥራን መጠበቅ ላይ ግን ቸልታ አይፈቀድም። ጊት የተባለው የኮድ መዝጋቢ ያለ ኢንተርኔትም የየዕለቱን ለውጥ በኮምፒውተሩ ላይ ይመዘግባል፤ ማታ ማታ ሥራው ሁሉ ወደ ሁለት ፍላሾች ይገለበጣል፤ አንዱ ፍላሽ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ በወንድም ወይም በጓደኛ ቤት ይቀመጣል። ኢንተርኔት ሲገኝ ደግሞ ወደ ውጭ ማከማቻ ይላካል። የላፕቶፑ ባትሪ ደካማ ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል፣ ከአዲስ ስክሪን ይልቅ አዲስ ባትሪ መቅደም አለበት።

ምን ይሠራ

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ጎጃም ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከሌላው የሚለይበት ሀብት ያለው እዚህ ነው። ነገር ግን አገራዊ ጌም ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት መልክን ነው፤ ጀግናው ጋቢ ይለብሳል፣ ከበስተኋላው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይታያል፣ አጨዋወቱ ግን ሌላ ቦታ መቶ ጊዜ የታየው ነው። የውጭ ተጫዋች ለመልኩ ትንሽ ቆሞ ያይና ያልፋል፤ የአገር ልጅ ደግሞ በየቀኑ የሚያየውን መልክ ለማየት ብሎ አይገዛም። መፈለግ ያለበት በአካባቢያችን አኗኗር ውስጥ ያለ አሠራር ነው፤ በሕግ የሚመራ፣ ምርጫ የሚያስጨንቅበት፣ ትርፍና ኪሣራ ያለበት ነገር።

የጣናን ታንኳ እንውሰድ። ታንኳ ደንገል ከተባለው የሐይቅ ዳር ተክል ይታሰራል፤ ደንገል ደግሞ ውኃ ይመጥጣል። በተቀዘፈበት መጠን እየከበደ ስለሚሄድ፣ ከዳር አውጥቶ ማድረቅ ግድ ይላል። በዚህ ውስጥ ሙሉ ጌም አለ። ተጫዋቹ እንጨት ጭኖ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ጉዞ ታንኳው ይከብዳል፤ አንድ ተጨማሪ ጉዞ ልሂድ ወይስ ዛሬ ላድርቀው የሚለው ምርጫ ይጨንቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ምርጫው ይከፋል። ይህን ለመረዳት አንድም ቃል ማንበብ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ጃፓናዊም ብራዚላዊም ይጫወተዋል። ያም ሆኖ ሐሳቡ ከጣና ዳር ሰው ሕይወት ካልሆነ በቀር ከሌላ ቦታ ሊመጣ አይችልም ነበር። በስፋቱም ጉባኤ ቃና ነው፤ አንድ ሐይቅ፣ አንድ ታንኳ፣ አንድ ሰው።

ሰምና ወርቅም እንዲሁ ነው። ቅኔን ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም እጅግ ከባድ ነው፤ አንድ ኅብረ ቃል ሁለት ፍቺ የሚይዝበትን ስልት ግን ወደ እንቆቅልሽ ጌም መውሰድ ይቻላል። ለምሳሌ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ነገሮች ላይ ላዩን አንድ መውጫ ያሳያሉ፤ እነዚያው ነገሮች በሌላ ዓይን ሲታዩ ሁለተኛ፣ የተደበቀ መውጫ ይሰጣሉ። ሰሙን ብቻ ያገኘ ተጫዋች ያልፋል፤ ወርቁን የፈለገ ተመልሶ ይመጣል። በአማርኛ ቃላት የሚሠራ የኅብረ ቃል ጌም ደግሞ ለአገር ውስጥ ተጫዋች ለብቻው ሊታሰብ የሚችል ሥራ ነው።

ሌሎችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ በ2018 እ.ኤ.አ. ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሳየውን “ኩኩሉ”ን፣ ከዚያም “ገበጣ”ን አውጥቷል። በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ ከአፍሪካ አፈ ታሪክ የተነሣውን “ኦሪዮን”ን በ2016 እ.ኤ.አ. በስቲም አቅርቧል። ሁለቱም ብዙ ባለሙያ ያላቸው ድርጅቶች መሆናቸውን ብቻውን የሚሠራ ሰው ልብ ይበል። አንድ ማሳሰቢያም ልጨምር፦ የገዳማት ሥዕልም ሆነ ዜማ ያለ ፈቃድ ተነሥቶ ጌም ውስጥ የሚገባ ዕቃ አይደለም፤ የሚመለከታቸውን አባቶች ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፊደላችን በጌም ውስጥ

አማርኛ ለማካተት የሚፈልግ ሠሪ የሚገጥመው የመጀመሪያ ችግር ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ መታየቱ ነው፤ ይህም ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው የፊደል ፋይል የግእዝ ሆሄያት ስለሌሉት ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባሉት ፊደሎች በነጻ ፈቃድ ስለሚሰጡ ከጌሙ ጋር አብረው መታሸግ ይችላሉ። በነጠብጣብ የሚሣል የራስ ፊደል መሥራት ያማረው ሰው 33ቱ ሆሄያት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ሥዕል እንደሚጠይቁ፣ ዲቃሎቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም እንደሚያልፉ ቀድሞ ይወቅ።

ሁለተኛው ችግር የቋንቋው ጠባይ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ትእዛዝ ለሁሉም ይሆናል፤ በአማርኛ ግን “ጀምር” ሲባል ለወንድ፣ “ጀምሪ” ሲባል ለሴት፣ “ይጀምሩ” ሲባል በአክብሮት ነው። ቁልፎች ላይ “መጀመር”፣ “መውጫ”፣ “ማስተካከያ” ተብሎ በስም መጻፉ ማንንም አያገልም። ገጸ ባሕርያት ተጫዋቹን የሚያናግሩበት ቦታ ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ጠይቆ ሁለቱንም ጽሑፍ ማዘጋጀት ይሻላል።

ሰው ፊት ማቅረብ

የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ በባልንጀሮቹ ፊት ይታረማል። ጌምም በየሳምንቱ ሰው ፊት መቅረብ አለበት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፔዳም ሆነ በፖሊ ግቢ፣ በደብረ ማርቆስም በዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ለሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ተማሪ አይጠፋም። በዚያን ጊዜ የሠሪው ድርሻ ዝም ማለት ነው። “እዚህ ጋ ተጫን” ያለ ሰው ፈተናውን አበላሽቷል፤ ተጫዋቹ የት እንደቆመ፣ የት እንደተሰላቸ፣ የት ፈገግ እንዳለ በወረቀት መጻፍ ብቻ ይበቃል። ወገኖቻችን ከይሉኝታ የተነሣ “በጣም ጥሩ ነው” ስለሚሉ ቃላቸውን ሳይሆን እጃቸውን መከታተል ይሻላል፤ ሳይነገረው እንደገና የጀመረ ሰው እውነቱን ተናግሯል።

በጎግል ፕሌይ ለሚያወጣ ሰው ይህ ግዴታም ነው። መመዝገቢያው አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ሲሆን፣ አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሠሪ ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በሞካሪነት ተመዝግበው መቆየት አለባቸው። ኢንተርኔት ሊቋረጥባቸው የሚችሉ ስላሉ ከ12 ይልቅ 20 ሰው መመዝገብ ይመከራል።

መሸጥ

ብቻውን ለሚሠራ ሰው ዋናው ገበያ ስቲም ነው የሚል አቋም አለኝ፤ እዚያ የሚመጣው ሰው ለጌም መክፈል የለመደ ነውና። ለአንድ ጌም 100 ዶላር ይከፈላል፤ ጌሙ 1,000 ዶላር ሲያስገባ ያ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ጌሙን ለመልቀቅ 30 ቀን መጠበቅ፣ “በቅርቡ ይወጣል” የሚለውንም ገጽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ክፍት ማድረግ ግዴታ ነው። ሁለት ሳምንት ግን ፈጽሞ አይበቃም። ገጹ ቢያንስ ስድስት ወር ቀድሞ መከፈት አለበት፤ ምክንያቱም ጌሙን ወደውት በምኞት ዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቡ ሰዎች በወጣበት ቀን የኢሜይል መልእክት ይደርሳቸዋል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭም በአብዛኛው በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ስቲም በዓመት ሦስት ጊዜ የሚያዘጋጀው ኔክስት ፌስት የተባለው የናሙና ሳምንት አለ፤ አንድ ጌም የሚሳተፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ናሙናው ሳይበስል በችኮላ መግባት ዕድልን ማባከን ነው።

ገጹ ላይ የሚወጣው ዋና ሥዕል በጣት ጥፍር መጠን ሲታይም መለየት አለበት። ተንቀሳቃሽ ምስሉ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ጀምሮ አጨዋወቱን እንጂ የድርጅት አርማ ማሳየት የለበትም። እንግሊዝኛው በደንብ በሚያውቅ ሰው ይታይ። ስቲም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወተ ገዢ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ስለሚፈቅድ፣ የጌሙ መጀመሪያ አሰልቺ ከሆነ ሽያጩ ተመልሶ ይሄዳል። መልካሙ ነገር ማሻሻያ ሲላክ የተለወጠው ክፍል ብቻ ስለሚጫን ደካማ ኢንተርኔት ያለው ሰውም ይችለዋል።

ኢች ዶት አይኦ የሱቁን ድርሻ ሠሪው ራሱ እንዲወስን የሚፈቅድ ገበያ ነው፤ ሳይለወጥ ከተተወ 10 በመቶ ይሆናል። ሽያጩ አነስተኛ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን ጉባኤ ቃናዎች ለማሳየት ከርሱ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በስልክ ላይ በማስታወቂያ መተዳደር ግን እጅግ ብዙ ተጫዋች ይጠይቃል፤ ለብቻው ኑሮ የሚሸፍን አድርጌ አልቆጥረውም። የጎግልን የማስታወቂያ አገልግሎት የሚጠቀም ሰው አድራሻውን ለማረጋገጥ በፖስታ የሚላክ የምስጢር ቁጥር ስለሚጠብቅ የፖስታ ሣጥን ቀድሞ መከራየት ይኖርበታል።

የኮንትራት ሥራ

በዓመቱ ውስጥ ለሌላ ሰው መሥራት የሚያሳፍር አይደለም፤ ጌሙን የሚመግበው እርሱ ነው። ትምህርት ቤቶችና የተራድኦ ድርጅቶች ለጤና፣ ለንባብ ወይም ለእርሻ ትምህርት የሚሆን ጌም ያሠራሉ፤ የውጭ አገር ሠሪዎች ደግሞ ሥዕል፣ ድምፅ ወይም ኮድ በክፍያ ያሠራሉ። እኔ ለአንድ ድርጅት ሙሉ ሥራ ሠርቼ ካስረከብኩ በኋላ የመጨረሻውን ክፍያ አላገኘሁም፤ በእጄ የነበረው የቃል ስምምነት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲሶው በቅድሚያ፣ ሲሶው መጫወት የሚቻል ናሙና ሲቀርብ፣ ቀሪው ከርክክብ በፊት እንዲከፈል በጽሑፍ ካልተስማማሁ አልጀምርም።

በውሉ ውስጥ የምንጭ ኮዱ ባለቤት ማን እንደሆነም ይጻፍ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው፤ በተቀጣሪነት ወይም በአሠሪ ትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት ግን፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ይሆናል። ስለዚህ “አጠቃላይ አገልግሎት ያላቸውን የኮድ ክፍሎች ሠሪው በሌላ ሥራው መጠቀም ይችላል” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ለዓመታት የሚጠቅም ጥንቃቄ ነው።

ገንዘቡ ሲመጣ

ከመለጠፍ በፊት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ መዘጋጀት አለበት። ከ2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ከውጭ ገቢ የሚያገኝ ግለሰብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ የሚከፍትበት መንገድ ስላለ፣ ለሱቅ መመዝገቢያ የሚሆነውን ዶላር በካርድ ለመክፈል የሚያስችል አገልግሎት የትኛው ባንክ እንደሚሰጥ ሁለት ሦስት ባንክ ዞሮ ማነጻጸር ይገባል። የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ ስም ነው። ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋል፤ በፋይዳ መታወቂያው፣ በባንኩና በሱቁ የግብር ቅጽ ላይ አንዲት ሆሄ ከተለያየች ክፍያው ሊመለስ ይችላል። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በሦስቱም ቦታ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲሰፍር ከመጀመሪያው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ ከማንኛውም ወጪ በፊት የግብሩ ድርሻ ለብቻው ይቀመጥ፤ የሽያጭ መግለጫውና የባንክ ደረሰኙም ታትመው በአንድ ማኅደር ይታሰሩ። ቀጥሎ ለሚቀጥለው ጌም የሚያስፈልጉት ወራት ወጪ ይነሣ፤ ይህ ገንዘብ እንደ ዘር እህል የሚቆጠር ነውና ለሠርግም ለበዓልም አይነካም። የተረፈው ለቤት ይሁን። እኔ ከመጀመሪያዋ ጌም ያገኘሁትን በዚሁ መንገድ ከፋፍዬ፣ በተረፈችው የላፕቶፕ ባትሪ ገዛሁ፤ በማግሥቱም የሁለተኛዋን ጌም የመጀመሪያ ገጽ በደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ርዝመቷም አምስት ወር ነበር።